ሳልቆጥር የተረከብኳት ሳጥን

ገንዘብ ያዥ የሆንኩት በጸሎት ነው። እየቀለድኩ አይደለም። ሁለተኛ ዓመት ላይ የተማሪዎች ፌሎሺፑ አዲስ አስተባባሪዎች ሲመርጥ አንዱ ከኋላ ተነሳና «እህታችን አካውንቲንግ ነው የምትማረው» አለ። በቃ፣ አለቀ። ተጸለየልኝ፤ አሜን ተባለ። ከዚያ የቀድሞው ገንዘብ ያዥ አንዲት አረንጓዴ የብረት ሳጥን፣ ጥጉ የተላጠ ደብተርና በላስቲክ የታሰሩ ደረሰኞች አስረከበኝ።

ሳጥኗን ከፍቼ መቁጠር ስጀምር ሳቅ አለ። «ኧረ ተይው እህቴ፤ እኛ እኮ እንተማመናለን።» አፈርኩ። መቁጠሬ እሱን መጠርጠር መሰለብኝ። ክዳኗን መልሼ ፈረምኩ።

ሰሞኑን ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ገብተው ቢዝነስ የሚማሩ ልጆች ይደውሉልኛል። ጥያቄያቸው አንድ ዓይነት ነው። ከክፍል ውጪ ምን እንሥራ? የትኛው ክበብ ይሻላል? ሲቪ ላይ ምን ያምራል? መልስ ልሰጥ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ያቺ ሳጥን ትመጣብኛለች። ወደ እሷ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ስለሌሎቹ።

አንደኛ ዓመት፣ የክበባት ቀን ላይ ሰባት ቦታ ተመዝግቤ ነበር። ማርኬቲንግ፣ ሥራ ፈጠራ፣ ኢንቨስትመንት፣ ክርክር፣ መዘምራን፣ በጎ አድራጎት፣ እና እስከ ዛሬ ምን እንደሚሠራ ያልገባኝ አንድ የአመራር ማኅበር። መዘምራኑ ድምፄ እንደማይሆን በሁለተኛው ሳምንት በፍቅር ነገሩኝ። የአመራር ማኅበሩ ሦስት ስብሰባ ላይ ስለተቀመጥኩ ብቻ ባለ ወርቃማ ጠርዝ ሰርተፍኬት ሰጠኝ። የት እንደጣልኩት እንጃ። ዓመቱ ሲያልቅ በእጄ የቀሩት ሁለቱ ነበሩ፦ ሥራ ፈጠራውና ኢንቨስትመንቱ። ፌሎሺፑን ከክበብ አልቆጠርኩትም። እሱ አገልግሎት ነው፤ ሥራ አይደለም ብዬ ነበር የማስበው።

የሥራ ፈጠራ ውድድር የቢዝነስ ተማሪ ባለበት ሁሉ አለ። ኢናክተስ የሚባለው የተማሪዎች ድርጅት 1975 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ሲጀመር ሳይፍ ነበር የሚባለው፤ የአሁኑን ስም ያወጣው 2012 ላይ ነው። ተማሪዎች ከማኅበረሰቡ ጋር የሠሩትን ፕሮጀክት ይዘው የድርጅት ኃላፊዎች ፊት ቆመው ያቀርባሉ። ኸልት ፕራይዝ ደግሞ ለአሸናፊው ቡድን 1 ሚሊዮን ዶላር መነሻ ካፒታል ይሰጣል። ይህ ሲሰማ ዶርም ውስጥ ያለው ሁሉ በአንድ ሌሊት ማኅበራዊ ችግር ፈቺ ይሆናል። የእኛው ውድድር ግን እዚያው ግቢ ውስጥ የተዘጋጀ፣ ትንሽዬ ነበር።

አምስት ሆነን ቤታቸው ሳሙና ከሚሠሩ ሴቶች ጋር ተባበርን። ዘይቱን ደመርን፤ ኮስቲክ ሶዳውን ደመርን፤ መጠቅለያ ወረቀቱን ሳይቀር ደመርን። የአንዱ ሳሙና ወጪ ወጣ፤ ዋጋ ተተመነ፤ ትርፉ ከመቶ 40 ሆነ። ስላይዱ ላይ አረንጓዴ ቀስት ወደ ላይ ይወጣል። ከዳኞቹ አንዷ፣ ጠና ያሉ ሴት፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «አንዱን ዙር ለማማሰልና ለመቁረጥ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብለው ጠየቁ።

ተያየን። ማንም አያውቅም። በመጨረሻ ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው ከሳሙና ሠሪዎቹ አንዷ መለሰች፦ «ግማሽ ቀን።»

የሰዎቹ ድካም ሂሳባችን ውስጥ ዜሮ ነበር። ለግማሽ ቀናቸው ትንሽ እንኳ ብንከፍላቸው ያ ሁሉ ትርፍ ብን ብሎ ይጠፋል። ትርፍ ብለን የጻፍነው ያልተከፈለ ጉልበታቸውን ነበር ማለት ነው። ይህን ሁሉ ተሸክመን ሁለተኛ ወጣን። ፎቶ ተነሳን። ፎቶው ላይ እኔ ብቻ ጎንበስ ብያለሁ፤ ሰው ትሕትና ይመስለዋል።

ከውድድሩ በኋላ ከአምስታችን ሁለታችን ተመልሰን ሄድን። የሠራነው እውነተኛ ሥራ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሃያ ሳሙና ለማማሰልና ስልሳ ለማማሰል የሚፈጀው ጊዜ ያን ያህል እንደማይለያይ ከሴቶቹ ጋር ቁጭ ብለን ሰዓት ይዘን አየን። ስለዚህ ትልቅ ማሰሮና ትልቅ ቅርጽ ማውጫ ያስፈልጋል። ግን ደግሞ በዚህ መንገድ የተሠራ ሳሙና ደርቆ ለሽያጭ እስኪደርስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይተኛል። የዘይቱ ገንዘብም አብሮት ይተኛል። መጽሐፍ ላይ «ወርኪንግ ካፒታል» የሚለውን፣ ዕቃው እስኪሸጥ ሥራው ውስጥ የሚታሰረውን ገንዘብ፣ ለፈተና ሸምድጄ አልፌዋለሁ። የገባኝ ግን መደርደሪያ ላይ የተሰለፉትን ሳሙናዎች እያየች አንዷ እናት «ይሄ ሁሉ ሲደርቅ ልጆቼ ምን ይበላሉ?» ስትለኝ ነው። ይህን ምንም ዳኛ አላየውም። ዋንጫም የለውም።

ኢንቨስትመንት ክበቡ ሌላ ዓለም ነበር። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ከራሱ የተጠራቀመ ገንዘብ ቆንጥሮ ለተማሪዎች እውነተኛ ገንዘብ ያስተዳድራሉ ብሎ ይሰጣል። የእኛ በወረቀት ብቻ ነበር። ቢሆንም ክርክሩ የእውነት ነው። አንድ ማክሰኞ ማታ «ምን ዓይነት አክሲዮን አንገዛም?» የሚል አጀንዳ መጣ። ሲጋራ ፋብሪካ፤ ሁሉም እጁን አወጣ። ቁማር፤ እንደዚያው። በአሥር ደቂቃ የምንጨርስ መስሎን ነበር።

ከዚያ አንዷ «ሲጋራ የሚሸጠው ሱፐርማርኬትስ?» አለች። ጸጥታ። «ለሲጋራ ፋብሪካው የሚያበድረው ባንክስ?» ሌላው ቀጠለ። «ፓኬቱን የሚያትመው ማተሚያ ቤትስ?» ሁለት ስብሰባ አለቀ። በመጨረሻ የሰው ገንዘብ ሰብስበው አክሲዮን የሚገዙ ብዙ ፈንዶች እንደሚያደርጉት ወሰን እናብጅ ተባለ፤ ከገቢው ከመቶ 5 በላይ ከእንዲህ ዓይነት ነገር የሚያገኝ ኩባንያ ይቅርብን። ያኔ ከጥጉ አንድ ልጅ «እና 4 ከመቶ ኃጢአት ይማራል?» አለ። በሳቅ ፈረስን። ግን ጥያቄው ቀልድ አልነበረም፤ እስከ ዛሬም ጥሩ መልስ የለኝም።

ጥያቄው አዲስም አይደለም። ኩዌከሮች የሚባሉት የአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ክርስቲያኖች አባሎቻቸው በባሪያ ንግድ እንዳይሳተፉ ጠበቅ ያለ ውሳኔ ያሳለፉት 1758 ላይ ነው። የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሥራች ጆን ዌስሊም በዚያው ዘመን ባልንጀራን እየጎዱ ገንዘብ ማግኘት ለክርስቲያን አይገባም ብሎ ይሰብክ ነበር። 1971 ላይ ደግሞ ሁለት የሜቶዲስት አገልጋዮች ፓክስ ወርልድ የሚባለውን ፈንድ አቋቋሙ። ጊዜው የቬትናም ጦርነት ነው፤ የመሣሪያ አምራች ድርሻ ሳይነካቸው ገንዘባቸውን ማሠራት የሚፈልጉ ሰዎች ነበሩ። ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኢንቨስትመንት ክበብ መግባት ጥቅሙ እዚህ ላይ ይመስለኛል። የአክሲዮን ዋጋ ትንተናውን የትም መማር ይቻላል። የኢንቨስትመንት ባለሙያዎች ማኅበር የሆነው ሲኤፍኤ ኢንስቲትዩት የሚያዘጋጀው የምርምር ውድድርም አለ፤ ተማሪዎች በቡድን አንድ ኩባንያ አጥንተው ሪፖርታቸውን ባለሙያ ፊት ይከላከላሉ። ግሩም ነው። ግን «ይህን ገንዘብ በምን መንገድ ነው የምናገኘው?» ብሎ ሁለት ማክሰኞ የሚከራከር ክፍል ሁሉም ቦታ አይገኝም።

አሁን ወደ ሳጥኗ።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ለአባላት ሪፖርት ማቅረብ ነበረብኝ። ዋዜማውን ዶርም ውስጥ አልጋዬ ላይ ዘርግፌ ቆጠርኩ። ደብተሩ ከሚለው 270 ይጎድላል። ደግሜ ቆጠርኩ። 270። ክው አልኩ። ሳንቲሞቹን በአሥር በአሥር ደርድሬ፣ ደረሰኞቹን በቀን አሰልፌ ሌሊቱን አጋመስኩት። 270።

እዚህ ላይ የማፍርበትን ልንገራችሁ። አንድ ወንድም ነበር። ለጉዞ መኪና የሚከራየው፣ ዕቃ የሚገዛው እሱ ነው። ደረሰኝ ማምጣት አይሆንለትም። ሲጠየቅ «ጠፋብኝ፤ ግን እንዲህ እንዲህ ነው» ይላል። ሦስት ቀን ሙሉ በጎሪጥ አየሁት። ጸሎት ላይ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ሲዘረጋ እኔ ዓይኔን ገልጬ ጫማውን አያለሁ፤ አዲስ ነው ወይ? እንዲህ ዓይነት ሰው ሆኜ ነበር።

ሪፖርቱን አራዝሙልኝ ብዬ ወደ ሂሳብ መምህራችን ቢሮ ሄድኩ። ነገሩን ከነጥርጣሬዬ ነገርኳቸው። ስለ ወንድም ምንም አልጠየቁኝም።

«ጉድለቱ ለ9 ይካፈላል?»

«እ?»

«270 ለ9 ሲካፈል?»

«30፤ ይካፈላል።»

«እንግዲያው ሌባ ከመፈለግሽ በፊት የገለበጥሽው ቁጥር ፈልጊ።»

ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። 54 ለማለት 45 ብትጽፉ 9 ነው፤ 81 ለማለት 18 ብትጽፉ 63። የድሮ ሒሳብ ሠራተኞች ሁሉ ያውቁታል። እኔ ግን ክፍል ውስጥ ስንማር ምን እያሰብኩ እንደነበር እንጃ። እዚያው ቢሯቸው ወለል ላይ ተቀምጬ ገጽ በገጽ ሄድኩ። የጉዞው መኪና ኪራይ። የተከፈለው 630። በራሴ እጅ፣ በራሴ ቆንጆ ጽሑፍ፣ ወጪ ዓምዱ ላይ፦ 360።

ወንድምየው አንድም ሳንቲም አልነካም።

መምህሩ ግን በዚህ አልለቀቁኝም። «መነሻውን ቆጥረሽ ነው የተረከብሽው?» አሉኝ። አልቆጠርኩም አልኩ። «ስለዚህ የፈረምሽው የማታውቂውን ነው። ዛሬ ባይገጥም ኖሮ ማንን ትጠይቂ ነበር?» ዝም አልኩ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። እኔ አደራውን የያዝኩት ሳላጠብቀው ነበር።

ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ያለው ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። መተማመን አለ፤ መተማመኑ ደግሞ ውብ ነው። ግን ደረሰኝን ይተካል ብለን እናስባለን። ከዚያ ገንዘብ ሲጎድል የምንጠረጥረው ወረቀት ስለሌለን ሰውን ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት አልወደውም። ቁጥጥር ሰውን ከመጠርጠር የሚያድን ነገር ነው። እኔ ወንድሜን የጠረጠርኩት ቁጥጥር ስላልነበረኝ ነው።

ሉካ ፓቾሊ ዴቢትና ክሬዲት የሚባለውን የሂሳብ አያያዝ 1494 ቬኒስ ላይ አሳትሞ ያወጣ ፍራንሲስካዊ መነኩሴ ነበር። ዘዴውን እሱ አልፈለሰፈውም፤ የቬኒስ ነጋዴዎች ሲሠሩበት የኖሩትን በሥርዓት ጻፈው። ነጋዴው መዝገቡን በእግዚአብሔር ስም ይጀምር፣ የመጀመሪያው መዝገብ ላይ የመስቀል ምልክት ያድርግ ይላል። ያም ሆኖ የእግዚአብሔርን ስም አስጽፎ ብቻ አላበቃም፤ ከዚያ ቀጥሎ እያንዳንዱ ነገር ሁለት ቦታ ይመዝገብ፣ ይመሳከር ነው የሚለው።

ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ የለውጥ ሐሳብ አቀረብኩ። መባ ሲቆጠር ሁለት ሰው ይሁን። ደረሰኙ ተራ ቁጥር ይኑረው። ገንዘብ የሚከፍለውና የሚመዘግበው አንድ ሰው አይሁን። ከባንክ ሲወጣ ሁለት ፊርማ። ትንሽ ጉርምርምታ ተነሳ። አንዱ «እህቴ፣ እኛን አታምኚንም ማለት ነው?» አለኝ። ክፍል ውስጥ የተማርነውን የክሬሲን ሐሳብ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። አሜሪካዊው የወንጀል ተመራማሪ ዶናልድ ክሬሲ 1950 አካባቢ የታሰሩ ገንዘብ አጉዳዮችን አነጋግሮ ከደረሰበት ሐሳብ፣ ማጭበርበር ሦስት ነገር ሲገጥም ይመጣል የሚለው ትምህርት ወጣ፤ የሚያስጨንቅ ችግር፣ አጋጣሚ፣ ለራስ የሚሰጥ ሰበብ። ከሦስቱ እኛ ልንዘጋው የምንችለው አጋጣሚውን ብቻ ነው። ግን ፌሎሺፕ ውስጥ ክሬሲ ማን ነው? ስለዚህ ሁለተኛ ቆሮንቶስ 8ን ገለጥኩ። ጳውሎስ ለተቸገሩት የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም። ቲቶን፣ አንድ የተመሰገነ ወንድምና ሌላም ወንድም አብሮ ላከ፤ ምክንያቱንም ተናገረ፤ በዚህ ስጦታ ማንም እንዳይነቅፈን ብሎ። ጳውሎስን የማያምነው ማን ነው? እሱ ራሱ ግን ከአንድ በላይ ሰው አስቆመ። ሐሳቡ በድምፅ ብልጫ አለፈ።

ሦስተኛ ዓመት ላይ የሥራ ማፈላለጊያ ቢሮ ሄጄ ሲቪዬን አሳየሁ። ቢሮው ውስጥ ያለችው ሴት ውድድሩን፣ ክበቡን፣ ነጥቤን አየችና «በሳምንቱ መጨረሻስ ምን ታደርጊያለሽ?» አለችኝ። ፌሎሺፕ ገንዘብ ያዥ ነኝ አልኳት፤ እንደ ዋዛ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ስንት አባል? በሴሚስተር ስንት ክፍያ? ደብተርሽን ከባንኩ መግለጫ ጋር ታስታርቂያለሽ? ሪፖርት ለማን? እየመለስኩ ሄድኩ። «እና ይሄ የት ነው ያለው?» ብላ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። «መንፈሳዊ ነገር ስለሆነ» አልኩ። «እህቴ» አለችኝ፣ «የሰው ገንዘብ ይዘሽ ሂሳብ አወራርደሻል። ቀጣሪ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።»

ልጆቹ ሲደውሉ የምነግራቸው ተግባራዊ ነገር ካለ ይህ ነው፦ አገልግሎታችሁን በቁጥር ጻፉት። «በፌሎሺፕ አገልግያለሁ» ማለት ምንም አይናገርም። የስንት ሰው ጉዞ አዘጋጃችሁ፣ በምን ያህል በጀት፣ ስንት ሂሳብ ዘጋችሁ? አሜሪካ ውስጥ የቢዝነስ ተማሪዎች ቪታ በሚባለው የግብር መሥሪያ ቤቱ ፕሮግራም ፈተና አልፈው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የግብር ቅጽ በነፃ ይሞላሉ። እዚያ የሠራ ተማሪ ምን እንደሠራ ለመናገር አይቸገርም። መባ የቆጠረውም መቸገር የለበትም።

ሌላም አለ፤ ባጭሩ። ከግቢው ውጡ። ማርክ ግራኖቬተር የሚባለው የሶሲዮሎጂ ሰው 1973 ላይ እንዳሳየው የሥራ ወሬ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከልብ ወዳጅ ሳይሆን አልፎ አልፎ ከምናገኘው ሰው ነው። ወዳጆቻችን እኛ የምናውቀውን ነው የሚያውቁት። ክርስቲያን ግቢ ደግሞ ሁሉም ከሁሉም ጋር ወዳጅ ነው፤ አብሮ ይበላል፣ አብሮ ይጸልያል፣ አንድ ማስታወቂያ አብሮ ያነባል። እንደ አይሴክ ያሉ፣ ከ1948 ጀምሮ የየአገሩን ተማሪ የሚያገናኙ ማኅበራትን፣ የሙያ ማኅበራትን ቅርንጫፍ ሞክሩ። «ወንድሜ ነው» ተብሎ ብቻ ሥራ መግባትም ደስ አይለኝም፤ የገባውንም ያላገኘውንም ይጎዳል።

ኢንተርንሺፕ ስወጣም እምነት ከሌለው፣ ወይም ካላወራው፣ ተራ ድርጅት ነው የገባሁት። በስድስተኛው ሳምንት አለቃዬ አንድ የሽያጭ ሰነድ አምጥቶ «ቀኑን ወደ ባለፈው ወር መልሺው፤ የወሩ ሽያጭ እንዲሞላ ነው» አለኝ። ጀግና አልነበርኩም። «እሺ» ነው ያልኩት። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ለመምህሬ ደወልኩ። «አትጨቃጨቂ» አሉኝ፣ «ትዕዛዙን በኢሜይል ይላኩልኝ በይ።» ተመልሼ በትሕትና ጠየቅሁ። አለቃዬ አየኝ፣ አየኝና ሰነዱን ከእጄ ወሰደ። «ተይው፣ እኔ አየዋለሁ።» ራሱ ቀይሮት ይሆናል። ይከነክነኛል። የኢንተርንሺፕ ግምገማዬ ላይ «ፈጣን አይደለችም» ተብሎ ተጽፏል።

አራተኛ ዓመት መጨረሻ ላይ ሳጥኗን ለአዲሱ ገንዘብ ያዥ አስረከብኩ። የአካውንቲንግ ተማሪ፣ የሁለተኛ ዓመት ልጅ። ተጸለየለት፤ አሜን ተባለ። ደብተሩን ሰጠሁት፤ የባንክ ማስታረቂያውን ሰጠሁት፤ ባለ ተራ ቁጥር ደረሰኙን ሰጠሁት። ሳጥኗን ሳይከፍት እስክሪብቶ አነሳ።

«ቁጠር» አልኩት።

«ኧረ እህቴ! አንቺን?»

«እኔን።»

ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። እያፈረ ጀመረ። መሃል ላይ ጠፋበትና እንደገና ከአንድ ተነሳ። ሰዉ ወጥቶ አለቀ፤ መብራቱን ሊያጠፋ የመጣው ልጅ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን።